ከቀረሮ ጫፍ እስከ ኮረሪማ ሥር፦ የዝናብ ደን እርከኖችና ነዋሪዎቻቸው

እዚህ እስራኤል በቴል ሞንድና በኔታንያ በየቤታችን የምናፈላው ቡና፣ ቅቤ ስናነጥር የምንጨምረው ኮረሪማ፣ በርበሬ ስናስደልዝ የማይቀረው ጢሚዝ፣ ሦስቱም አገራቸው አንድ ነው፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን። ከመካከላችን ይህን ደን በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። እኛም ሆንን ወላጆቻችን በብዛት የመጣነው ከጎንደር ዙሪያ፣ ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከስሜንና ከትግራይ ነው። በዚያ ደጋ የምናውቀው ደን በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀረው ጥድና ወይራ ነበር። ከፋ፣ ሸካ፣ ያዩ፣ በባሌ ደግሞ ሐረና የሚባሉት ስሞች ለብዙዎቻችን የቡና ከረጢት ላይ የሚነበቡ ናቸው እንጂ የምናውቃቸው ቦታዎች አይደሉም።

ይህ ዳሰሳ ወደዚያ ደን ይገባል። የሚመልሰው ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ የዝናብ ደን ስንት እርከን አለው፣ በየእርከኑስ ማን ይኖራል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ የሆነ ደን ውስጡ እየሞተ ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው የሚለው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዝናብ ደን ምንድን ነው?

የሐሩር አካባቢ የዝናብ ደን ከምድራችን የየብስ ስፋት ከመቶ ስድስት ያህሉን ብቻ ይሸፍናል። በምድር ላይ ካሉት የእንስሳትና የዕፅዋት ዓይነቶች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኖሪያቸው እዚያ እንደሆነ ይገመታል። ትልቁ በአማዞን፣ ቀጣዩ በኮንጎ ተፋሰስ ሲገኝ፣ ሦስተኛው ሰፊ ክልል ቦርኔዮን፣ ሱማትራንና ኒው ጊኒን ይዞ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይዘልቃል። እነዚህ ሙቀታቸው ዓመቱን ሙሉ ብዙም የማይለዋወጥ፣ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ዝናብ የሚያገኙ ቆላማ ደኖች ናቸው።

የኢትዮጵያው ከእነዚህ ይለያል። የሚገኘው በደጋና በወይና ደጋ ስለሆነ ባለሙያዎች የተራራ ዝናብ ደን ይሉታል። አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2600 ሜትር ድረስ ያለውን ከፍታ ይዟል። ቀዝቀዝ ይላል፣ ጉም ያዘወትረዋል፣ ዛፎቹም የቦርኔዮን ያህል አይረዝሙም። እርከኖቹ ግን በሙሉ አሉ።

ለንጽጽር ያህል እኛ የምንኖርበትን የሻሮን ሜዳ እንውሰድ። እዚህ ዝናብ የሚጥለው በክረምት ብቻ ነው፤ በዓመት ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፣ በጋው ደግሞ ጠብታ የለውም። ቴል ሞንድ በ1929 በሎርድ አልፍሬድ ሞንድ ስም ሲቆረቆር የብርቱካን ፓርዴስ አገር ነበር። ከዚያ በፊት ግን የሻሮን ሜዳ ሰፊ ክፍል የታቦር ባሉጥ ደን ነበረበት። ያ ደን በ19ኛው መቶ ዓመትና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለከሰልና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ፤ ዛሬ ርዝራዡ የሚታየው ሐዴራ አጠገብ ባለው የሻሮን ፓርክና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች ነው። ሰው በጥቂት ትውልድ አንድን ደን ሊያጠፋ እንደሚችል ለመረዳት ከሰፈራችን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

ከሁሉ በላይ፦ የግዙፎቹ እርከን

የመጀመሪያው እርከን ከሌሎቹ ዛፎች በላይ ራሳቸውን ብቅ ያደረጉት ግዙፎች ነው። በቆላማ ደኖች እነዚህ ከ45 ሜትር ጀምሮ ከ70 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በ2018 በማሌዥያ ሳባ ግዛት የተገኘው ሜናራ የተባለው ዛፍ 100.8 ሜትር ተለክቷል። በኢትዮጵያ ይህን እርከን የሚይዘው በዋነኛነት ቀረሮ ነው። እስከ 40ና 50 ሜትር ይወጣል፤ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ሥሩ አጠገብ በግድግዳ መሰል ደጋፊ ሥሮች የተያዘ ነው። ለጣውላ ተፈላጊ መሆኑ ጠላቱን አብዝቶበታል።

በዚያ ከፍታ ኑሮው ከታችኛው ጋር አይመሳሰልም። ፀሐዩ በቀጥታ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ እርጥበቱም ያንሳል። እዚያ የሚነግሠው ባለ ዘውዱ ንስር ነው። ከአፍሪካ ንስሮች በጉልበቱ የሚወዳደረው የለም። ጦጣና ጉሬዛ ያድናል፣ ከመሬትም ትንንሽ ሚዳቋ ይነጥቃል። ጎጆውን ረጅም ዛፍ ላይ ሠርቶ ለብዙ ዓመት እየጠገነ ይጠቀምበታል። የሚያሳድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ ያም በአብዛኛው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። እንዲህ በዝግታ የሚራባ እንስሳ ጎጆ የሚሠራበት ዛፍ ሲቆረጥበት በቀላሉ አይተካም። በአማዞን ያንኑ ቦታ የያዘው ሃርፒ የተባለው ንስርም ችግሩ አንድ ዓይነት ነው።

የደኑ ክዳን፦ ሕይወት የታጨቀበት እርከን

ከግዙፎቹ ሥር ቅርንጫፎቻቸው እርስ በርስ የተቆላለፉ ዛፎች አሉ። በኢትዮጵያ ከ20 እስከ 30 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ሶምቦ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዶቅማ፣ ዋንዛ፣ ሰሳና ገተም ይህን ክዳን ይሠራሉ። ከፀሐይ ብርሃን አብዛኛው የሚቀረው እዚህ ነው፤ ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ፍሬውም በብዛት ያለው እዚሁ ነው።

ይህ እርከን ለረጅም ጊዜ ሳይንስ ያልደረሰበት ነበር። ቴሪ ኧርዊን የተባለው አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ በፓናማ ከአንድ የዛፍ ዓይነት 19 ዛፎችን ብቻ በፀረ ተባይ ጭስ አጥኖ ከ1100 በላይ የጢንዚዛ ዓይነቶች አገኘ። ከዚህ ተነሥቶ በ1982 በምድር ላይ 30 ሚሊዮን ያህል የነፍሳትና መሰል ዝርያዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገመተ። ግምቱ በኋላ ዝቅ ቢደረግም የተመራማሪውን ዓለም ዓይን ወደ ላይ ያቀና እርሱ ነው።

በኢትዮጵያ ክዳን ላይ በቀላሉ የሚታወቀው ጉሬዛ ነው። ጥቁር ገላው ላይ ነጭ ዘርፍ እንደ ካባ ይወርድበታል፤ ግልገሉ ግን ሲወለድ ነጭ ነው። ቅጠል ይበላል፤ ሆዱም ብዙ ክፍል ስላለው ቅጠሉን በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት አብላልቶ ይፈጨዋል። ለዚህ ነው ሌሎች ጦጣዎች የማይጠቀሙበትን የጠነከረ ቅጠል እንኳ በልቶ መኖር የሚችለው። አውራ ጣቱ የለም ማለት ይቻላል፤ ቀሪዎቹ አራት ጣቶች ግን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል እንደ መንጠቆ ይይዙለታል። ጎሕ ሲቀድ የሚያሰማው ድምፅ ሸለቆ አቋርጦ ይሰማል። ቅርንጫፎቹ ካልተቀጣጠሉ ግን መሬት ወርዶ መሻገር ግድ ይሆንበታል፤ ያኔ ለነብርና ለውሻ ይጋለጣል።

ሌላዋ የክዳኑ ነዋሪ ሆርንቢል የምትባለው ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ናት፤ ወንዱ ምንቃሩ ላይ ትልቅ ቀንድ መሰል ጉልላት አለው። የአረባቧ ነገር በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ሴቷ ያረጀ ዛፍ ግንድ ውስጥ ባለ ጉድጓድ ትገባለች። ወንዱ አፈር እየዋጠ ጭቃ አድርጎ ያመጣላታል፤ እርሷም ከውስጥ ሆና በሩን ትመርገዋለች። የምታስቀረው ምንቃር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ነው። ዕንቁላሏን ታቅፋ ጫጩቶቿ እስኪጠነክሩ ድረስ ለወራት ከዚያ አትወጣም፤ ወንዱ በዚያች ስንጥቅ ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግንዱ ጉድጓድ እስኪያወጣ ድረስ ያረጀ ትልቅ ዛፍ ሲኖር ነው። በወጣት ዛፍ ብቻ የተሞላ ደን ለእርሷ መኖሪያ አይሆንም። በፈንታዋ የበላችውን ፍሬ ዘር ከእናት ዛፉ አርቃ ስለምትጥል ደኑን የምትተክለው እርሷ ናት።

ጉንጨ ነጩ ቱራኮ የተባለው ወፍም እዚሁ ነው። ገላው አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠል ውስጥ ይሰወራል፤ ሲበር ግን ክንፉ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቀለሙ መዳብ ካለበት ኅብር የሚገኝ ነው፤ ከቱራኮ ወገን ውጭ በሌላ ወፍ ላይ አይታወቅም።

ከዛፎቹ ገተም የተለየ ታሪክ አለው። ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ወፍ የጣለችው ዘር እዚያው በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት ይሰዳል። አበባው የከፋንና የሸካን ነጭ ማር የሚያስገኘው ነው። የአካባቢው ሰው ቀፎ ሠርቶ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ ሲደርስም በገመድ ወጥቶ ይቆርጣል። በከፋ ኮቦ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የደን ድርሻ ነበረው። ዛፉን የሚጠብቀውም ማሩን የሚቆርጠው ሰው ራሱ ነበር።

የጥላው እርከን፦ የቡና አገር

ከክዳኑ በታች ብርሃኑ ለስላሳ፣ አየሩ እርጥብ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ ነው። ዛፍ መሳይ ፈርን፣ ዘንባባ፣ ብርብራና ገና ወደ ላይ ለመውጣት የሚጠባበቁ የትልልቅ ዛፎች ልጆች የሚኖሩት እዚህ ነው። አረቢካ ቡናም እዚሁ ነው። ያለ ሰው እጅ በጥላ ሥር ሲያድግ ቀጭንና ረጅም ይሆናል፣ የሚያፈራውም ጥቂት ነው። በየጓሮውና በየእርሻው በብዛት የሚያፈራው ቡና አያት ቅድመ አያቱ ይህ ነው።

እንስሳቱም ከዚህ እርከን ጋር የተስማሙ ናቸው። ነብር ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል። የቡቱርሊኒ ሰማያዊ ጦጣ የተባለው ንዑስ ዝርያ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውጭ አይገኝም። ደ ብራዛ የሚባለው ባለ ነጭ ጢም ጦጣ ወንዝ ዳር ያሉትን ደኖች ይመርጣል። በባሌ ሐረና ደግሞ የባሌ ጦጣ አለ፤ ምግቡ በአብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። ሌሊት ጥርኝ ይወጣል። የበሰለ የቡና ቀይ ፍሬ ይበላል፤ ፍሬውን ሆዱ ሲፈጨው ዘሩ ሳይጎዳ ስለሚወጣ ባለፈበት ሁሉ ቡና ይዘራል።

ይህ እርከን ለዓለም ቡና ምን ማለት እንደሆነ በ1971 ታይቷል። በዚያ ዓመት የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባና የቡናውን ማሳ ማጥፋት ጀመረ። የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ከደንና ከአርሶ አደሩ ቡና ውስጥ ነው፤ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች እየለዩ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ በየአገሩ የቡና መሸጫ የሚታወቁት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከኢሉባቦር መቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን 1974 ያመለክታል። በሽታን የመቋቋም አቅሙ አስቀድሞ በዛፎቹ ዘር ውስጥ ባይኖር ኖሮ ተመራማሪዎቹ የሚመርጡት ነገር አያገኙም ነበር።

የደኑ ወለል፦ ሁሉ የሚመለስበት

ወለሉ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ኮረሪማ በዚህ ጨለማ ይበቅላል። ግንዱ የሚነሣው መሬት ውስጥ ከተንሰራፋ ሥር ነው። አበባውና ቀይ ፍሬው የሚወጡት ግን ከላይ ካለው ቅጠል መካከል አይደለም፤ ከመሬቱ አጠገብ ነው። በሱቃችን የምናየው ቡናማ ፍሬ ያ ቀዩ ከደረቀ በኋላ ያለው ነው። ጢሚዝም የደኑ ሥር ተክል ነው፤ ለቀማው ካለቀ በኋላ በጭስ ስለሚደርቅ ሽታው ያጨሰውን እሳት ይዞ ይቀራል።

ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ጃርት፣ የዱር አሳማና ግዙፉ የጫካ አሳማ የወለሉ ነዋሪዎች ናቸው። በከፋና በሐረና ደን ውስጥ አንበሳም አለ፤ አንበሳን ከሜዳ ጋር ብቻ ለሚያያይዝ ሰው ይህ ይደንቃል። ከሁሉ በላይ የሚሠሩት ግን ትንንሾቹ ናቸው። ምስጥ፣ ጉንዳን፣ ትልና እንጉዳይ የወደቀውን ቅጠልና ግንድ አፍርሰው ወደ አፈር ይመልሱታል። ከዚያም የዛፎቹ ሥር ከሻጋታ ወገኖች ጋር ተጣምሮ ምግቡን መልሶ ይወስዳል። በአማዞን ብዙው ሀብት ዛፎቹ ላይ እንጂ አፈሩ ውስጥ ስላልሆነ ደኑ ሲመነጠር መሬቱ በጥቂት ዓመት ይደክማል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ይሻላል፤ ሽፋኑ ሲነሣ ግን ያንን ሁሉ ዝናብ የሚቀበለው ባዶ ቁልቁለት ነው፤ ጎርፍ ይወስደዋል።

ከዚህ ወለል የሚነሣው ውኃ ሩቅ ይሄዳል። ጎጀብ ከከፋ ደኖች ወርዶ ወደ ኦሞ ይገባል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅን ይሞላል። ባሮ በምዕራብ ወርዶ በሶባት በኩል ነጭ አባይን ይቀላቀላል።

ከላይ አረንጓዴ፣ ከውስጥ ባዶ

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄ። ደን ራሱን የሚያድሰው ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ነው። ብርሃን በክፍተቱ ይገባል፣ ለዓመታት በጥላ ሲጠባበቅ የነበረው ችግኝ ይሽቀዳደማል። መጀመሪያ ብሳናና መሰሎቹ ቦታውን ይይዛሉ፣ ቆይቶ ቀረሮውና ሶምቦው ይተኩታል። ስለዚህ የዛሬው ክዳን የሚተካው ከታች ባሉት ልጆች ነው።

በኢትዮጵያ ቡና በአመራረቱ የደን ቡና፣ ከፊል የደን ቡና፣ የጓሮ ቡናና የእርሻ ቡና ተብሎ ይለያል። በደን ቡና ሰው ለቀማ ብቻ ያደርጋል። ወደ ከፊል የደን ቡና ሲያልፍ ቡናው ብርሃን እንዲያገኝና በብዛት እንዲያፈራ በየዓመቱ ምንጣሮ ይደረጋል፤ ቁጥቋጦው፣ ሐረጉና የዛፍ ችግኙ ይጨፈጨፋል፣ ለጥላ የሚፈለጉት ትልልቅ ዛፎች ብቻ ይቀራሉ። ገበሬው የሚያደርገው ለልጆቹ ጉሮሮ ነው፤ ሊወቀስ አይገባም። ውጤቱን ግን መሸሸግ አይቻልም። ከሳተላይት ያ ቦታ አሁንም ደን ሆኖ ይታያል። ጉሬዛው ለጊዜው አለ፣ ሆርንቢሏም አለች። የሚተካ ችግኝ ግን የለም። ቀረሮው ሲያረጅ ወራሽ ሳይኖረው ይወድቃል።

ከዚህ በላይ ፈጣን ጥፋቶችም አሉ፦ ሰፋፊ የሻይና የቡና እርሻዎች፣ ሰፈራ፣ የጣውላ ቆረጣ። የአየር ንብረቱም ይለወጣል። የኪው የዕፅዋት ተቋምና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት እስከ 2080 ድረስ ለዱር አረቢካ የሚስማሙት ሥፍራዎች በመልካሙ ግምት 65 በመቶ፣ በከፋው ግምት ከሞላ ጎደል በሙሉ ሊጠፉ ይችላሉ። ቡናው ወደ ቀዝቃዛ ከፍታ መሸሽ የሚችለው ደግሞ ከቆላ እስከ ደጋ የተያያዘ ደን ካለ ነው። ሐረና ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ከታች ከቡናው ተነሥቶ በቀርከሃ፣ በኮሶና በአስታ በኩል እስከ ሳነቴ አምባ ይቀጥላል።

ጥበቃ የለም ማለት አይደለም። ከፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ተመዝግበዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሐረናን ይዞ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። የወረቀቱ ምዝገባ ጥሩ ነው፤ ውጤቱ የሚታወቀው ግን ወለሉ ላይ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ያለው ተሞክሮ ይህንኑ ያስተምራል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በቫግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት ጥናት በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መረመሩ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ከብት ግን ችግኙን እየበላና እየረገጠ ስለሚያጠፋው የሚተካ ትውልድ እንዳይነሣ ማድረጉን አሳዩ። ከዚያ ከአሜሪካዊቷ የደን ክዳን ተመራማሪ ከዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባብረው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማሠራት ጀመሩ። ድንጋዩ ከየማሳው ይለቀማል፤ ማሳው ይጠራል፣ ደኑም ይታጠራል። ካቡ ከብት ሲከለክል ችግኝ ይነሣል። ዕድሜዋን በዛፍ ጫፍ ላይ ያሳለፈች ተመራማሪ ለክዳኑ መዳን በመጨረሻ የመረጠችው መሬት ላይ ያለ ካብ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

ለእኛ ምን ይቀራል?

ከኔታንያ በስተ ምሥራቅ በቂቡጽ ባሐን ኡቶፒያ የሚባል የኦርኪድ ፓርክ አለ። በተሸፈነ ሥፍራ ውስጥ የሐሩር ደን እርጥበት ተፈጥሮለት ኦርኪድና ነፍሳት የሚይዙ ተክሎች ይታያሉ። ልጆቻችሁን ውሰዷቸው። ብርሃን እንዴት እንደሚጣራ፣ ተክል በተክል ላይ እንዴት እንደሚኖር በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ ወጥታችሁ ግን ይህን ንገሯቸው፤ በኢትዮጵያ ከእነዚህ ኦርኪዶች ወገኖች ቀረሮና ሶምቦ ላይ የሚበቅሉበት፣ ጉሬዛ የሚጮኽበት ደን አለ፣ ማንም የተከለው አይደለም።

የዚህ ዳሰሳ ድምዳሜ አንድ ነው። ደን በትልልቅ ዛፎቹ ብዛት መመዘን የለበትም፤ ከሥራቸው በቆመው ልጅ ዛፍ ይመዘን። ችግኝ የሌለው ደን የቆመበት ቀን የተቆጠረ ነው፣ ጉሬዛውም ሆርንቢሏም ቡናውም አብረውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ቡና ስትገዙ ከየት ወረዳ እንደመጣና የደን ቡና መሆኑን ነጋዴውን ጠይቁ፤ የደን ቡና ከሆነም ዋጋው ትንሽ ቢጨምር ክፈሉ። ገበሬው ምንጣሮውን የሚተወው ችግኙ ሳይጨፈጨፍ የተለቀመው ቡና ቤተሰቡን የሚያኖርለት ከሆነ ብቻ ነው።